ቁራሽና ውግዘት፦ ስለ ቤተ መጻሕፍት ችሮታ

በአገራችን አድባራትና ገዳማት ዕቃ ቤት የተቀመጡትን የብራና መጻሕፍት ያገላበጠ ሰው፣ በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው ቅጠል ላይ የሰጪውን ስም፣ የተሰጠበትን ደብር፣ ሰርቆ ወይም ጽሕፈቱን ፍቆ በተገኘ ላይ የሚወርደውን ውግዘት ተጽፎ ማግኘቱ የተለመደ ነው። መጽሐፍ በችሮታ መስጠት እንግዲህ ለጎጃም ደጋ ከውጭ የመጣ ልማድ አይደለም። ዲማ ጊዮርጊስ፣ መርጡለ ማርያም፣ ደብረ ወርቅና ደብረ ኤልያስ የሊቃውንት መፍለቂያ ሆነው የኖሩት ነገሥታትና መኳንንት በሰጡት ሀብት ጭምር ነው። ውግዘቱንም እንደ ተራ ማስፈራሪያ መቁጠር አይገባም፤ በዘመኑ የቤተ መጻሕፍት ደንብ ነበረ። ጉድለቱ ሌላ ነው፤ መጽሐፉ እንዳይጠፋ ይጠብቃል እንጂ በብዙ ሰው እጅ እንዲገባ አያደርግም።

ከዚህ ችሮታ ጎን ለጎን ግን ስም ያልተጻፈለት ሌላ ችሮታ ነበረ። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻውን በዱላ እየመከተ በእመቤታችን ስም ከደጅ የሚቆመውን የቆሎ ተማሪ ያኖረው የገበሬው ቤት ቁራሽ ነው። ቁራሹን የምትሰጠው እማወራ የቅኔውን ምሥጢር አትሰማም፤ ልጁም ነገ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። ሆኖም በየቀኑ ትሰጣለች። የመኳንንቱ ስጦታ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ በብራና ላይ ሲመዘገብ፣ የመንደሩ ስጦታ ሳይመዘገብ በየማለዳው ይታደስ ነበር። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ በጎጃም ትምህርትን በሕይወት ያቆየው ከመጀመሪያው ይልቅ ሁለተኛው ነው።

ይህን ጉዳይ ከሥነ ጽሑፋችን ውስጥ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው የዚያ አገር የቤተ ክህነት ትምህርት ፍሬ ናቸው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙውን ጊዜ የሚተቸው በበዛብህና በሰብለ ወንጌል ፍቅር ወይም በጉዱ ካሣ የሰላ ንግግር በኩል ነው። የበዛብህ ዕውቀት በማን እንጀራ እንደ ተገነባና በመጨረሻ የት እንደ ገባ የሚጠይቅ ሐያሲ ግን ብዙ አይደለም። የማንኩሳው የስለት ልጅ በብዙ ደጃፍ ቁራሽ ያደገውን የቅኔ ሥርዓት ቀስሞ ዲማ ላይ ከደረሰ በኋላ፣ ዕውቀቱ የፊታውራሪ መሸሻን አንዲት ልጅ ለማስተማር ወደ አንድ ግቢ ይገባል። ሕዝብ ያሳደገው ትምህርት ለሕዝብ የሚመለስበት በር አልነበረውም። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚባለው ተቋም፣ የአሠራር ዝርዝሩ ሁሉ ቢቀር፣ ያ በር ነው።

በሩ በአዲስ አበባ የተከፈተው በ1936 ዓ.ም. ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ሕዝቡ ወመዘክር ብሎ የሚያውቀው፣ ሲቋቋም ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ፊደል የቆጠረው ገበሬ የሚያነብበት ስፍራ ያስፈልገዋል ብሎ በየገጠሩ የንባብ ቤት እስከ ማቋቋም ደርሶ ነበር። ቤቱ ቢሠራም አዲስ ጽሑፍ ካልመጣለት የንባብ ቤትነቱ ያበቃል፤ ያ ልምድ ይበልጥ ሊጠና የሚገባው በዚህ በኩል ነው።

በቅርቡ ዘመን ግን በችሮታ ከተሠራው ሁሉ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የጀመሩት ሥራ በተለይ ሊመረመር ይገባዋል። እኒህ ሰው በስደት አሜሪካ ገብተው፣ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ሲሠሩ፣ ከመደርደሪያው ላይ በአገራቸው ቋንቋ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ አጡ። የሞኙን ማሞ ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ፤ ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለውን ድርጅት ከደራሲዋ ጄን ከርትስ ጋር መሠረቱ፤ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሾላ ሰፈር የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ከዚያም በአዋሳ አህያ የሚጎትተው ጋሪ መጻሕፍት ጭኖ ወደ ልጆቹ መሄድ ጀመረ። ስለ አህያዋ ብዙ ተወርቷል፤ ለዓለም ዜና ማሰራጫም የሚመች ሥዕል ነበረ። ዋናው ቁም ነገር ግን አህያዋ አይደለችም። ሰውየው የመጽሐፍ ሣጥን ከመላክ አልፈው መጽሐፍ በልጁ ቋንቋ ማሳተማቸውና ንባቡን የሚመራ ሰው አብረው ማቆማቸው ነው።

ይህን የምለው በአንጻሩ ሌላ ዓይነት ችሮታ ስለ በዛ ነው። ከባሕር ማዶ የሚጫነው ሣጥን ሲከፈት ጊዜው ያለፈበት የኮምፒዩተር መማሪያ፣ ያልተሟላ ኢንሳይክሎፒዲያ፣ የሌላ አገር ሕግ ማብራሪያ ይወጣል። ሰጪው መደርደሪያውን አራግፎ ነፍሱን አሳረፈ፤ ተቀባዩ ግን የሚያራግፍበት የለውም። እንዲህ ያለው ስጦታ የመኳንንቱን ብራና ያህል እንኳ አልታሰበበትም፤ እነዚያ ቢያንስ ደብሩ የሚቀደስበትን መጽሐፍ ያውቁ ነበር።

በዓለም ታሪክ ስለ ቤተ መጻሕፍት ችሮታ ሲነሣ የአንድሩ ካርኔጊ ስም አይቀርም። በስኮትላንድ ከሸማኔ ቤት ተወልዶ በአሜሪካ በብረት ምርት የከበረው ይህ ሰው፣ እ.ኤ.አ. ከ1883 እስከ 1929 ድረስ በገንዘቡ በልዩ ልዩ አገሮች 2,509 ቤተ መጻሕፍት ተሠርተዋል። ገንዘቡ የሚለቀቀው በአብዛኛው በውል ነበር፤ ከተማው መሬቱን ይሰጣል፤ የሕንፃውን ዋጋ አንድ ዐሥረኛ በየዓመቱ ለሥራ ማስኬጃ ይመድባል። በዚያው ሰው የሆምስቴድ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1892 ሠራተኞች ከተቀጠሩ የጥበቃ ታጣቂዎች ጋር ተጋጭተው ከሁለቱም ወገን ሰው ሞቷል። በቀን ዐሥራ ሁለት ሰዓት የሚሠራ ሰው በየትኛው ጊዜው ያነባል ብለው የጠየቁ ነበሩ፤ ጥያቄያቸውም እስከ ዛሬ መልስ አላረጀበትም። ነገር ግን የሰጪው ማንነት ውሉን አያበላሸውም። ዐሥረኛው እጅ በየዓመቱ የሚከፈል ቁራሽ ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱንም የከተማው ንብረት ያደረገው ከሕንፃው ይልቅ እርሱ ነው።

ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለተመረቀው ለአብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከግለሰብና ከድርጅት መጽሐፍ መሰብሰቡ ሕዝቡ ለመስጠት እንደማይሰስት አሳይቷል። በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ከተሞችስ? እዚህ የቤተ መጻሕፍት ፈላጊው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ጥናት አያሻም። ከገጠር ወጥቶ፣ ጠባብ ክፍል ከጓደኞቹ ጋር ተከራይቶ፣ ስንቁን ከቤት እየተሸከመ የሚማር ልጅ ነው። ጠረጴዛ የለውም፤ መብራትም እንደ ልብ አያገኝም። ለእርሱ ቤተ መጻሕፍት ከመጽሐፍ አስቀድሞ ወንበር፣ ብርሃንና ጸጥታ ማለት ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተስፋፋው ግጭት እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ማዘጋቱ ሲታሰብ፣ ክፍሉ የተቋረጠበት ልጅ ከፊደል ጋር የሚያገናኘው ሌላ ቤት መኖር አለመኖሩ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

በአዲስ አበባና በውጭ አገር የሚኖር የአካባቢው ተወላጅ ሊረዳ ሲነሣ የሚቀናው ሣጥን መላክ ነው፤ ፎቶግራፍ የሚወጣለት እርሱ ነውና። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ደመወዝ ፎቶግራፍ አይወጣለትም። ስልቱ ግን ለሕዝቡ እንግዳ አይደለም፤ ዕድርተኛው በየወሩ ያዋጣል፤ በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው የአማራ ልማት ማኅበርም በአባላት መዋጮ ትምህርት ቤት ሲያሠራ ኖሯል። ከዚህ መዋጮ ጥቂቱ በየዓመቱ ለአማርኛ መጽሐፍ መግዣ፣ ለአምፖልና ለአንድ የማታ ሠራተኛ አበል ቢመደብ፣ በሩ ከመሥሪያ ቤት ጋር በዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል መዘጋቱ ይቀራል። ስንቅ ሊያመጣ ቅዳሜ ወደ ገጠር የወጣው ልጅ እሑድ ማታ ሲመለስ ክፍት ሆኖ ያገኘዋል።