ድራማና ፍጻሜው

በሐራም ሆነ በወልድያ፣ እንደ ሌላው አገር ሁሉ፣ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ የሚመለከት ሰው ልቡ ሁለት ነው፤ «ምነው ባለቀ» እያለ የሚታይበትን ቀን ይቈጥራል። በ2005 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይታይ የነበረው «ሰው ለሰው» ከመቶ ክፍል በላይ ሄዷል። አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ክፉ ስለ ነበረ ተመልካች ቅጣቱን ይሻ ነበር፤ ዳሩ ግን አስናቀ ከተቀጣ ታሪኩ ስለሚያልቅ፣ ቅጣቱ እንዲዘገይም ይመኝ ነበር። «ገመና»ም ካበቃ በኋላ «ገመና ሁለት» ተብሎ ተመልሷል፤ እንዲህ ያለውን መመለስ የወደደ ሰው በናፍቆትም በሥጋትም ይቀበለዋል።

የዚህ ስሜት ምክንያቱ ምንድን ነው? እናቶቻችን ተረት ሲጨርሱ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላሉ፤ ዳቦው የሚጠየቀው ተረቱ ሲያልቅ ነው። የድራማ ዳቦ ግን ማስታወቂያ ነው፤ እርሱም የሚገኘው ባለመጨረስ ነው። ስለዚህ አንዱ ጠብ ሲያረጅ ሌላ ጠብ ይፈጠራል፤ የታረቀው እንደ ገና ይጣላል። እኛ ርዝመትን አንነቅፍም፤ የምንነቅፈው መድረሻ የሌለውን ርዝመት ነው። እንግዲህ ደራሲ የመጀመሪያውን ክፍል ሲጽፍ የመጨረሻውን ይወቅ፤ ባለ ማስታወቂያውም ዳቦውን ለፍጻሜው ጭምር ይቍረስ።