ሲመቱት የሚጮኽ ከሰል

ከሰል ስንገዛ ብዙዎቻችን ሦስት ነገር እናያለን፤ ጭሱን፣ ፍንጣሪውንና ቶሎ መያዙን። በሦስተኛው መለኪያ ብንሄድ በጃፓን እጅግ ውድ የሆነው ከሰል ፈተናውን ይወድቃል። ቢንቾታን ቶሎ አይያዝም፤ ቢያራግቡትም፣ ቢቆጡትም በራሱ ሰዓት ነው የሚቀላው። ከቀላ በኋላ ግን ጭስ የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ነበልባሉም ከቁጥር አይገባም። ሙቀቱ ለሰዓታት ብዙም ሳይለዋወጥ ይቆያል። የያኪቶሪ ጠባሾች፣ ማለትም የዶሮ ሥጋ በቀርከሃ ስንጥር ሰክተው የሚጠብሱት ባለሙያዎች፣ ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጡበት ለዚሁ ጸጥታው ነው።

አገሩ ጥንት ኪሹ ይባል የነበረው የዛሬው ዋካያማ ነው፤ በተለይም የሚናቤና የታናቤ ተራሮች። ከሰሉ ስሙን ያገኘው በጌንሮኩ ዘመን፣ ከ1688 እስከ 1704 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ፣ በታናቤ ከሰል ይነግድ ከነበረው ቢቹያ ቾዛኤሞን ነው። እንጨቱ ኡባሜጋሺ የሚባል፣ በባሕር ዳርቻ ገደላ ገደል ላይ እየተጣመመ ቀስ ብሎ የሚያድግ የኦክ ዛፍ ነው። ደህና ከሰል አክሳይ ደኑን አይመነጥርም፤ ወፍራሙን ግንድ ቆርጦ ቀጭኑን ይተዋል፣ ጉቶውም መልሶ ያቆጠቁጣል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. የሚናቤ ታናቤን የኡሜ ፍሬ እርሻ በዓለም የግብርና ቅርስነት ሲመዘግብ እነዚህን የከሰል ደኖች የሥርዓቱ አካል አድርጎ ነው። ዛሬ በሌሎች የጃፓን አካባቢዎች፣ በቶሳና በሂዩጋም፣ ጥሩ ቢንቾታን ይሠራል፤ የኪሹ ካልሆነ አልቀበልም የሚል ገዢ የሚከፍለው ለስምም ጭምር ነው።

ጥራቱ የሚወሰነው እቶኑ ውስጥ፣ በመጨረሻዎቹ ሰዓታት ነው። ጠማማው እንጨት መጀመሪያ ጎኑ ላይ ይፈለጥና ሽብልቅ ገብቶበት ይቃናል፤ ካልተቃና እቶን ውስጥ ተጠጋግቶ አይቆምም። ከዚያ የእቶኑ አፍ ይደፈናል፣ እንጨቱም ለቀናት በዝግታ ይከስላል። አክሳዩ ውስጡን ማየት አይችልም። የሚመራው በጭሱ ቀለምና በሽታው ነው። ነጩ ጭስ ሳስቶ ወደ ሰማያዊ አድልቶ ሊጠፋ ሲቃረብ የእቶኑን አፍ በጥቂት በጥቂቱ ይከፍታል። የገባው አየር ሙቀቱን ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ያወጣዋል፣ በውስጡ የቀረው ጋዝና ዝፍትም ተቃጥሎ ያልቃል። ይህን ደረጃ ኔራሺ ይሉታል። አየሩ በአንዴ ከገባ ከሰሉ ይሰነጣጠቃል ወይም እዚያው ነድዶ አመድ ይሆናል፤ ካነሰ ደግሞ ጋዙ ውስጡ ይቀርና ገዢው ቤት ሄዶ ይጨሳል። በመጨረሻም አክሳዩ የጋለውን ዘንግ በረጅም ብረት እየሳበ አውጥቶ በእርጥብ አፈርና አመድ ያዳፍነዋል። ላዩ ላይ ተጣብቆ በሚቀረው አመድ የተነሣ ነጭ ከሰል ከሚባለው ወገን ይመደባል። እቶን ከገባው እንጨት ክብደት ከሰል ሆኖ የሚወጣው አንድ አስረኛ ገደማ ብቻ ነው። በአገራችን በአፈር ተዳፍኖ ከስሎ እዚያው የሚበርደው ከሰል በአሠራሩ የሚቀርበው ለጃፓኑ ጥቁር ከሰል ነው። ጥቁሩ ቶሎ ይያዛል፣ ቶሎም ያልቃል።

እንግዲህ ገዢው ይህንን ሁሉ ሳያይ ከሰሉ በደንብ መንጠሩን በምን ያውቃል? መጀመሪያ በጆሮው። ሁለት ዘንግ ሲያጋጩት እንደ ቃጭል ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ በውስጡ ስንጥቅም እርጥበትም ብዙ የለም። ደፈን ያለ ድምፅ ሲሰጥ ግን ወይ ኔራሺው ተቻኩሏል፣ ወይ መጋዘን ውስጥ ውሃ ጠጥቷል። ቀጥሎ ስብራቱን ይመልከት፤ የጥሩው ስብራት ይብለጨለጫል፣ ጠርዙ ስለታም ነው፣ ጣትንም እንደ ተራው ከሰል አያጠቁርም። ውሃ ውስጥ ቢጥለው ይሰምጣል። ባትሪና ትንሽ አምፖል ያለው ሰው ደግሞ ከሰሉን በሽቦዎቹ መካከል ቢያስገባ አምፖሉ ይበራል፤ በደንብ የነጠረ ከሰል ኤሌክትሪክ ያሳልፋልና። በጃፓን የከሰሉን የኤሌክትሪክ መቋቋም እየለካ የንጥረቱን ደረጃ የሚናገር መሣሪያ አለ። እኔ ግን ጆሮዬን የበለጠ አምናለሁ።

ስንጥቅን በተመለከተ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። በቢንቾታን ላይ ከመሃል ወደ ዳር የሚሄድ ስንጥቅ ጉድለት ነው። ለሻይ ሥነ ሥርዓት በሚዘጋጀው ጥቁር ከሰል ላይ ግን ያው ስንጥቅ እንደ አበባ እኩል ከተዘረጋ ውበት ተብሎ ዋጋ ይጨምራል። ስለዚህ ከሰልን ለየትኛው ሥራ እንደሚፈልገው ያልወሰነ ሰው ጥሩውን ከመጥፎው ሊለይ አይችልም።

ውፍረቱም ዋጋ አለው። ኮማሩ የሚባለው፣ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ድብልብል ዘንግ፣ ምድጃ ውስጥ እኩል ስለሚደረደር ባለ ምግብ ቤቶች ይሻሙበታል። ለቤት ግን የተፈለጠው ይሻላል ባይ ነኝ። ጠርዙ ብዙ ስለሆነ ቀደም ብሎ ይያዛል፣ ዋጋውም ይቀላል።

ካርቶኑ ላይ «ቢንቾ» የሚል ስለተጻፈ ብቻ መተማመን አያስፈልግም። ቻይና በ2004 እ.ኤ.አ. ከእንጨት የሚሠራ ከሰል ወደ ውጭ እንዳይላክ ከከለከለች ወዲህ ገበያው ከላኦስ፣ ከቬትናምና ከኢንዶኔዥያ በሚመጣ ነጭ ከሰል ተሞልቷል፤ ከዚያም ውስጥ ጥሩ አለ፣ ደካማም አለ። መሃሉ ላይ ቀዳዳ ያለው፣ ባለ አራት ወይም ባለ ስድስት ማዕዘን ዘንግ ካያችሁ ደግሞ እሱ ኦጋታን ነው፤ ከተጨመቀ ሰጋቱራ የተሠራ። በጃፓንም ብዙ ጠባሾች በእሱ ይሠራሉ፣ ነውር የለበትም። በቢንቾታን ዋጋ ሲሸጥ ነው ነውሩ።

ስለ ጣዕሙ የሚነገር አንድ ስሕተት አለ፤ ቢንቾታን ለሥጋው ልዩ ጣዕም ይሰጣል ይባላል። ከሰሉ ከ90 በመቶ በላይ ካርቦን ነው፤ የሚሰጠው ጣዕም የለውም። ከፍም ጥብስ የሚወጣው ደስ የሚል ሽታ የሥጋው ስብ ፍሙ ላይ ተንጠባጥቦ ሲጨስ የሚመጣ ነው። ከሰሉ የራሱን ጭስ ስለማይጨምርበት ሽታው ንጹሕ ይሆናል። በዚያ ላይ ጋዝ ሲነድ የውሃ እንፋሎት ይፈጥራል፤ በደንብ የነጠረ ከሰል ግን የሚፈጥረው እንፋሎት እጅግ ትንሽ ነው። የዶሮው ቆዳ በፍም ላይ ቶሎ ደርቆ ኩርሽም የሚለው፣ ውስጡም ጭማቂውን ብዙ ሳይለቅ የሚቀረው፣ በዚህና ከፍሙ በሚወረወረው ኃይለኛ ጨረር ነው።

ለማቀጣጠል ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት መመደብ ያስፈልጋል። ታቹ ሽቦ የሆነ የከሰል ማቀጣጠያ መጥበሻ ውስጥ አድርጎ መጀመሪያ በለዘበ የጋዝ እሳት ላይ ማሞቅ፣ ኋላ እሳቱን መጨመር። የሚቸኩል ሰው ቅጣቱን ወዲያው ያገኛል፤ በድንገት የጋለ ቢንቾታን ውስጡ ባለው እርጥበት እየፈነዳ ፍሙን ይረጫል። ጋዝ ከሌለ ተራ ከሰል ከታች አንድዶ ላዩ ላይ መደርደር ይቻላል። ነዳጅ ማርከፍከፍ ግን ንጹሕ እሳት ለማግኘት የወጣውን ገንዘብ መልሶ መጣል ነው።

ምድጃው በጃፓን ከኖቶ በሚወጣ ቀላል የዳያቶም አፈር የተሠራው፣ ሺቺሪን የሚባለው ከሆነ ሙቀቱን በደንብ ያቅባል፤ ውሃ ግን አይፈስበትም፣ ይሰነጠቃል። በሸክላ ጡብ የተከበበ ጠባብ ምድጃም ይሠራል። ከሰሉን ክፍተት ሳይተዉ መደርደር፣ አንዱን ጎን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ ማድረግ፣ ከዚያም ሙቀቱን በማራገቢያና በርቀት መቆጣጠር ነው። ጃፓኖች «ኃይለኛ እሳት ከሩቅ» የሚሉት መመሪያ ለአብዛኛው ሥጋ ይበጃል። ስቡ ነበልባል ካስነሣ ስንጥሩን አንሥቶ ወደ ጎን ማሸሽ እንጂ ነበልባሉ ውስጥ አቆይቶ ጥላሸት ማስቀባት የለም።

አንድ ነገር ላይ ልበርታ። በእኛ ቤት ከሰሉ ደጅ ተቀጣጥሎ ከቀላ በኋላ «መርዙ ወጥቷል» ተብሎ ይገባል። አልወጣም። የቀላ ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ቢንቾታን ጭስ ስለሌለው ደግሞ የበለጠ ያዘናጋል። የሚጠበሰው ደጅ ነው። አሜሪካ ያላችሁም ልብ በሉ፤ በብዙ ከተሞች በጋራ ሕንፃ በረንዳ ላይ ከሰል ማንደድ ክልክል ነው።

የጠባሹ ሥራ የሚመዘነውስ በምን ነው? ስንጥሩን ተመልከቱ፤ የሚያዝበት ጫፍ ከሰል ከሆነ ሰውየው ፍሙን ከሥጋው አልፎ ደርድሯል። ሥጋው እኩል ካልተቆረጠ ዳርና ዳሩ አርሮ መሃሉ ጥሬ ይሆናል። የጭን ሥጋ ቆዳው ወርቃማ ቡናማ ሆኖ ሲነክሱት መሰባበር አለበት፤ ምላስ ላይ መራራ ነገር ከቀረ ጥላሸት ነው። ባሮ ሽንኩርት ውጪው ጠቆር ብሎ ውስጡ ከጣፈጠ ሰውየው እሳቱን ያውቃል። ጨው ብቻ የተነሰነሰበትን አስቀድማችሁ ቅመሱ፤ የሚቀባው ስጎ ብዙ ጥፋት ይሸፍናል።

የተረፈውን ፍም ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የሸክላ ወይም የብረት ማሰሮ አፍኑት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከአዲሱ ቶሎ ይያዛል። ለብዙ እንግዳ ወፍራም ሥጋ ለመጥበስ ካሰባችሁ ግን ቢንቾታን አትግዙ፣ ተራው ከሰል ይበቃል። በስንጥር ለሚሰካ ትንንሽ ሥጋና ለዶሮ ቆዳ ነው ዋጋውን የሚመልሰው።