የብራና መጻሕፍትን በኢንተርኔት ስለ መፈለግ

ቀድሞ አንድ ተመራማሪ ስለ አንድ ገድል ወይም ድርሳን ለማጥናት ሲያስብ፥ ወይ በበቅሎ ወደ ሩቅ ገዳም መጓዝ፥ ወይም ባሕር ተሻግሮ የአውሮፓን ቤተ መጻሕፍት ደጅ መጥናት ነበረበት። ዛሬ የብዙዎቹ መጻሕፍት ሥዕል በኢንተርኔት ይገኛል። ይህ ታላቅ በረከት መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ሳይመረምር የሚቀበለው ተማሪ በቀላሉ ይሳሳታልና ጥቅሙንም ጉድለቱንም መመዘን ይገባል።

በመጀመሪያ የሚጠቀሰው በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ነው። በዚህ ድካም ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ፎቶግራፍ ተነሥተዋል፤ ብዙዎቹም በሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ስሙን ላስመዘገበ አንባቢ ያለ ዋጋ ይታያሉ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በዝርዝሩ ዝግጅት የደከሙት ድካም ዛሬም ለፈላጊው መሪ ነው። ሆኖም ማይክሮፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለ ሆነ፥ ቀዩን ቀለም ከጥቁሩ፥ የሐረጉንም ኅብር ከጥላው መለየት ያስቸግራል።

ሁለተኛው ችግር የፊደል ነው። ሀ፥ ሐና ኀ፥ ሰና ሠ፥ አና ዐ፥ ጸና ፀ በጸሐፍት እጅ እንደ ተቀያየሩ የታወቀ ነው። በላቲን ፊደል ሲገለበጡ ደግሞ አንዱ ስም በየሊቁ ልማድ መልኩን ይለውጣል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ፈልጎ ያጣ ሰው «መጽሐፉ የለም» ብሎ ቢጽፍ፥ የራሱን የፍለጋ ጉድለት የታሪክ ማስረጃ አደረገው ማለት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው ሥራ ለእያንዳንዱ ድርሰት መለያ ቁጥር መስጠቱ ለዚህ ደዌ መልካም መድኃኒት ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ከሁሉ ይከብዳል። በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ከተወሰዱት መጻሕፍት ብዙዎቹን የያዘው የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. የኮምፒዩተር ጥቃት በደረሰበት ጊዜ፥ ዲጂታል ቅጂዎቹ ለብዙ ጊዜ ከአንባቢ ተሰወሩ። ሌላው ያኖረውን መስኮት ሌላው ሊዘጋው እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን። እንግዲህ ተማሪው የመጽሐፉን ቁጥር፥ የቅጠሉን ተራና ያየበትን ቀን ይመዝግብ፤ በተፈቀደም ጊዜ ቅጂውን ያኑር።

በመጨረሻም ሥዕሉ የማይነግረን ብዙ ነገር አለ። መጽሐፉ በየትኛው በዓል እንደሚነበብ፥ ማን እንደሚጠብቀው፥ በኅዳጉ የተጻፈው የርስት ውል በአገሩ ሽማግሎች ዘንድ እንዴት እንደሚታወስ የሚያስረዳ የገዳሙ ሰው ነው። ኢንተርኔት መንገዱን ያሳጥራል እንጂ ጉዞውን አያስቀርም።