«ስንት ጎደለ?» ከሆቬሬቱ የጠፋው ጥያቄ

የኪታ አሌፍ የሒሳብ ሆቬሬት ምን እንደሚመስል ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ታናሽ እህት ወይም የወንድም ልጅ ያለው ሁሉ አንድ ማታ አብሮ ተቀምጦ አይቶታል። ሦስት ፊኛ፣ የመደመር ምልክት፣ ሁለት ፊኛ፣ ባዶ ሣጥን። ቀጥሎ አራት ፊኛ፣ የመቀነስ ምልክት፣ አንድ ፊኛ፣ ባዶ ሣጥን። ገጹ በቀለም ያሸበረቀ ነው፤ ልጁም ቶሎ ይጨርሰዋል። ቶሎ የሚጨርሰው ግን የሚያስበው ነገር ስለሌለ ነው። ምልክቱን አየ፣ የታዘዘውን ሠራ፣ በቃ።

እኔ የትምህርት ጥናት የማስተርስ ተማሪ ነኝ። በሳምንት ሁለት ቀን በአንድ መትናስ ከኪታ አሌፍና ከኪታ ቤት ልጆች ጋር ሒሳብ እሠራለሁ፤ አብዛኞቹ የእኛው ልጆች ናቸው። እዚህ የምተቸው አንድን መጽሐፍ ለይቼ አይደለም። ሆቬሬቱም፣ የቲግቡር ወረቀቱም፣ ታብሌት ላይ ያለው ጨዋታም የሚጋሩትን ልማድ ነው፦ ምልክቱ ይቀድማል፣ ጥያቄው ይከተላል፤ አንዳንዴም ጥያቄው ጭራሽ አይመጣም።

ልማዱ በደንብ የሚጋለጠው ጥያቄው በቃላት ሲቀርብ ነው። ልጆቹ «ቁልፍ ቃል ፈልጉ» ይባላሉ። «በያሐድ» ካለ ደምር፣ «ኒሽአሩ» ካለ ቀንስ፣ «ዮቴር» ካለ ደምር። እስቲ ይህን ሞክሩ፦ ሩት 8 ከረሜላ አላት፤ ከዳኒ በ3 ትበልጣለች፤ ዳኒ ስንት አለው? ቃል አዳኙ ልጅ «ዮቴር»ን አየና 11 ብሎ ጻፈ። ዳኒ ከሩት በለጠ ማለት ነው፤ ልጁ ግን ምንም አልከነከነውም፣ ምክንያቱም ስለ ሩትና ስለ ዳኒ አላሰበም። የሃይፋ ዩኒቨርሲቲዋ ፐርላ ነሸር ከባልደረባዋ ጋር ይህን ነገር በ1975 አሳትማዋለች፦ ቃሉ ወደ አንድ ስሌት፣ ታሪኩ ወደ ሌላ ስሌት ሲጎትት ልጆች ቃሉን ተከትለው ይሳሳታሉ። ጥናቱ እዚሁ አገር፣ ወላጆቻችን ገና ሳይመጡ የተሠራ ነው። የቁልፍ ቃሉ ዝርዝር ግን ዛሬም ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አያለሁ።

ሌላ ጥናት ልጨምር፤ ይህኛው ከሁሉም በላይ የምወደው ነው። በ1983 ሐድሰን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ለልጆች የወፎችና የትሎች ሥዕል አሳየ፤ ወፎቹ ከትሎቹ ይበዛሉ። «ወፎቹ ከትሎቹ በስንት ይበልጣሉ?» ብሎ ሲጠይቅ ከአንደኛ ክፍል ልጆች በትክክል የመለሱት 64 በመቶ ነበሩ። ያንኑ ሥዕል ይዞ «ወፎቹ ትል ለማግኘት ቢሽቀዳደሙ ስንቶቹ ወፎች ትል አያገኙም?» ሲላቸው ሁሉም፣ 100 በመቶ፣ መለሱ። ቁጥሩ ያው፣ ሥዕሉ ያው። የተለወጠው ጥያቄው ብቻ ነው።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ ቡና ነው። ቡናው ሊቀዳ ሲል አያት ለትንሿ ልጅ «ልጄ፣ ስኒ ስንት ጎደለ?» ትላታለች። ልጅቷ ሰዎቹን ታያለች፣ ረከቦቱን ታያለች፣ በዓይኗ አንድ ስኒ ለአንድ ሰው ታድላለች፣ ከዚያ «ሁለት» ብላ ወደ ቁም ሳጥኑ ትሄዳለች። ይህ እኮ የሐድሰን ወፍ ነው! መቀነስ መሆኑን ማንም አልነገራትም፤ የመቀነስ ምልክትም አላየችም። ግን 7 ሰውና 5 ስኒ አወዳድራ ልዩነቱን አገኘች። ደግሞም የማያጠራጥር ማረጋገጫ አላት፦ ተሳስታ ከሆነ አንድ ሰው ያለ ቡና ይቀራል፣ ወይም ትርፍ ስኒ በእጇ ይቀራል። የሆቬሬቱ ሣጥን እንዲህ ያለ ማረጋገጫ የለውም፤ ትክክል መሆኗን የምታውቀው ሞራዋ ስትነግራት ነው።

በአሜሪካ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ካርፔንተርና ኤሊዛቤት ፌነማ የመደመርና የመቀነስ ጥያቄዎችን በታሪካቸው ዓይነት ለይተው አስቀምጠዋል። በወረቀት ላይ 8 − 3 አንድ ነገር ነው። ለልጅ ግን ቢያንስ ሦስት ነው፦ 8 ብርቱካን ነበረኝ፣ 3 በላሁ፤ 8 እንግዳ አለ፣ ስኒው 3 ነው፣ ስንት ይጎድላል፤ አንቺ 8 ዓመትሽ ነው፣ ወንድምሽ 3፣ በስንት ትበልጪዋለሽ። የመጀመሪያውን በጣቷ አጥፋ ትሠራለች። ሁለተኛውን ከ3 ተነስታ ወደ ላይ ትቆጥራለች። ሦስተኛውን ጎን ለጎን ደርድራ ታያለች። ሆቬሬቱ የሚያሳያት በአብዛኛው የመጀመሪያውን ነው፣ የሄደ ፊኛ፣ የተበላ ፖም። ከዚያ ሌሎቹ ሁለቱ ፈተና ላይ ሲመጡባት «የቋንቋ ችግር አለባት» ይባላል።

ይህችን «የቋንቋ ችግር» የምትል ነገር ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ለብዙ ወላጆቻችን የተሰጠው ምክር «ቤት ውስጥ ዕብራይስጥ ብቻ አውሩ» የሚል ነበር፤ ለልጆቹ የተሰጠው ደግሞ ቲግቡር። ቲግቡርን አልቃወምም፤ እኔም የምሠራው እሱኑ ነው። የምቃወመው በቲግቡር ሰዓት የሚሰጠው ያው ሆቬሬት መሆኑን ነው፣ ለዚያውም በብዛት። 20 የመቀነስ ጥያቄ ሠርቶ ያልገባው ልጅ 40 ሲሰጠው የሚማረው ሒሳብ እንደሚያሰለች ነው።

አሁን ስለ ቁጥሮቹ ስም ላውራ፤ እዚህ ጋ የእኛ ልጆች ጉዳይ ከሌላው ይለያል። አያት «አርባ ሼቄል ከፈልኩ» ስትል የስድስት ዓመቱ ልጅ የሚሰማው አራት ሼቄል ነው። በዕብራይስጥ «አርባ» 4፣ በአማርኛ አርባ 40። «ሼቫ» 7፣ ሰባ 70። «ሐሚሻ» 5፣ ሃምሳ 50። «ሽሞና» 8፣ ሰማንያ 80። ሁለቱ ቋንቋዎች ዘመዳሞች ስለሆኑ ነው፣ በአጋጣሚ አይደለም። እና ሁላችንም በዚህ ስቀናል። ግን አስተማሪ ሆኖ ለሚያየው ይህ ከቀልድ በላይ ነው፤ በአንድ ዜሮ የሚለያዩ አራት ጥንዶች ናቸው። ልጁ «አርባ ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ «በሳፍታ ቤት አራቱ አስር ይሆናል» ብትሉት፣ አራት ባለ አስር ሼቄል ሳንቲም ብትደረድሩለት፣ የአስርን ቤት ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ገጽ አላውቅም። እኔ በማያቸው ሆቬሬቶች ውስጥ ይህ የለም፣ ሊኖርም አይችልም፤ የጻፏቸው ሰዎች አያት አማርኛ ስለማታወራ። ይህ የእኛ ሥራ ነው።

ከአስር እስከ ሃያ ያሉትም እንዲሁ። ዕብራይስጡ «ሽሎሽ ኤስሬ» ይላል፣ ሦስቱን አስቀድሞ፤ ሲጻፍ ግን 1 ይቀድማል። ስለዚህ 13ን 31 አድርጎ የሚጽፍ ልጅ ጆሮውን አምኖ ነው የጻፈው። አማርኛው «አስራ ሦስት» ነው፣ አስሩ ፊት። የግዕዙ አኃዝ ደግሞ ከዚህም ያልፋል፦ ፲፫፣ አስርና ሦስት ጎን ለጎን፣ እንደሚጠሩበት ቅደም ተከተል። በዕብራይስጥ ፊደልም ዮድና ጊሜል 10 እና 3 ናቸው። የቱ ቢሽቫት «ቱ» ግን 9 እና 6 ናት፣ ቴትና ቫቭ፤ ይህን ለልጅ ነግራችሁ «ታዲያ ስንተኛው ቀን ነው?» ብትሉት የመደመር ጥያቄ ሰጣችሁት፤ ፊኛ አላስፈለገም።

አማርኛ ለሒሳብ ከዕብራይስጥ ይሻላል እያልኩ አይደለም። እንዲህ ያለ ኩራት ለልጅ አይጠቅምም፤ ደግሞም እውነት አይደለም። ዕብራይስጡ «ሻሎሽ»ን «ሽሎሺም» ሲያደርግ ከ3 ወደ 30 ያለውን መንገድ ከአማርኛው «ሦስት» እና «ሠላሳ» የበለጠ ግልጥ አድርጎ ያሳያል። አማርኛችሁ ደካማ ከሆነም አትጨነቁ፣ «ካማ ሐሴር?» ያው «ስንት ጎደለ?» ነው። የቤት ሒሳብ ብቻውን ይበቃልም አልልም። በ1985 በብራዚል ሬሲፌ ከተማ ቴሬዚኛ ኑኔስና ባልደረቦቿ ገበያ የሚሸጡ 5 ልጆችን አጥንተው ነበር። ልጆቹ እየሸጡ ሲሰሉ 98.2 በመቶ ትክክል ነበሩ፤ ያንኑ ስሌት ያለ ታሪክ፣ በቁጥርና በምልክት ብቻ ሲጠየቁ 36.8 በመቶ። አምስት ልጆች ጥቂት ናቸው፤ ቢሆንም ጥናቱን የማየው በሁለት በኩል ነው። ልጆቹ ማሰብ ይችላሉ፣ ይህ አንድ። ወረቀቱ ላይ ግን ይወድቃሉ፣ ይህ ሁለት። ፈተናው ደግሞ በወረቀት ነው። ከስኒው ወደ 7 − 5 = 2 የሚያሻግራቸው ሰው ያስፈልጋል። እኔ የምለው መሻገሪያው ከስኒው ይጀምር ነው እንጂ ወረቀቱ ይቅር አይደለም።

የትምህርት ቤቱ የስግድ ዝግጅት ላይ ዳቦ ይቆረሳል፣ ቀሚስ ይለበሳል፣ ሥዕል ይቀባል። ደስ ይላል። ግን በስግድ ላይ ያለውን ሒሳብ ማንም አይነካውም። ስግድ በሔሽቫን 29 ነው፤ ከዮም ኪፑር 50ኛው ቀን እንላለን። የኪታ ቤት ልጅ ይቁጠረው፦ ዮም ኪፑር ትሽሬ 10 ነው፣ ትሽሬ 30 ቀን አላት፣ ስለዚህ 20 ቀን ይቀራል፤ ከሔሽቫን 29 ጨምር፤ 49። የት ሄደች አንዷ ቀን? እኔ ይህን ከልጆቹ ጋር ስሠራ አንድ ሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቁ፤ አንዱ ቄሶቹ ተሳስተዋል እስከማለት ደረሰ። መልሱ ዮም ኪፑርን ራሱን አንድ ብሎ መጀመር ነው። አማርኛችን ይህን አቆጣጠር ያውቀዋል። «የዛሬ ስምንት» ስንል ሳምንት ማለታችን ነው፣ 7 ቀን፤ ዛሬ ራሷ ስለተቆጠረች። «የዛሬ አስራ አምስት» ደግሞ ሁለት ሳምንት ነው፣ 14 ቀን። ቆጠራው ከየት ይጀምራል የሚለው ትልልቆቹንም የሚያሳስት ጥያቄ ነው፤ ስግድ በያመቱ ይዞት ይመጣል።

መረጃ ማንበብን በተመለከተ ሆቬሬቱ ይብሳል። «ሐቄር ነቱኒም» ይባላል፣ መረጃን መመርመር ማለት ነው። የሚመረመር ነገር ግን የለም። አይስክሬም ተስሏል፣ ቸኮሌት 6፣ ቫኒላ 4፣ እንጆሪ 3። የትኛው ይበልጣል? ረጅሙ ዓምድ። ዓምዶቹን ማን መረጣቸው? ሁለቱንም የሚወድ ልጅ የት ገባ? በዚያ ቀን የቀረው ልጅስ? የመረጃ ትምህርት ዋናው እዚህ ነው፣ ከመቁጠር በፊት፣ ማን የት ይመደባል በሚለው።

በመትናሱ ልጆቹን «ቤት ውስጥ በምን ቋንቋ ነው የምታወሩት?» ብዬ ግራፍ አሠራኋቸው፤ እያንዳንዱ በስሙ ወረቀት ይለጥፋል። ሁለት ዓምድ ነበር፣ ዕብራይስጥና አማርኛ። አንዷ ልጅ ከሳፍታ ጋር በአማርኛ፣ ከእናቷ ጋር በዕብራይስጥ፣ ከወንድሟ ጋር በሁለቱም እንደምታወራ ተናገረችና ወረቀቷን በዓምዶቹ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ለጠፈችው። ከዚያ ሌሎችም ተነስተው ወረቀታቸውን አዛወሩ። መጨረሻ ላይ ትልቁ ዓምድ እኛ ያላሰብነው ሆነ። ስንት ተዛወሩ፣ ስንት ቀሩ፣ የመሃሉ ከዕብራይስጡ በስንት ይበልጣል? መደመሩም መቀነሱም ከዚያው መጣ።

እኛ ሁለተኛው ትውልድ ዓምድ ውስጥ መግባትን እናውቀዋለን። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ቢሮው በየዓመቱ በስግድ ሰሞን የማኅበረሰቡን ቁጥር ያወጣል፤ ጋዜጣው ይቀባበለዋል፣ እኛም እንጠቅሰዋለን። ለብዙ ዓመታት በተሠራበት ትርጉም «ኢትዮጵያዊ መነሻ ያለው» የሚባለው ኢትዮጵያ የተወለደ፣ ወይም እስራኤል ተወልዶ አባቱ ኢትዮጵያ የተወለደ ሰው ነው። በዚያ ትርጉም እናቷ ብቻ ከኢትዮጵያ የመጣች ልጅ አትቆጠርም። እዚህ የተወለደ አባት ያለው ልጅ፣ ማለትም የብዙዎቻችሁ ልጅ፣ አይቆጠርም። ስሌቱ ላይ ስህተት የለም፣ መደመሩ ልክ ነው። ልዩነቱ ያለው ከመደመሩ በፊት ነው፣ ማን ዓምዱ ውስጥ ይግባ በተባለበት ቦታ። ይህን ለሰባት ዓመት ልጅ በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ይቻላል፤ ወረቀቷን በመሃል ለለጠፈችዋ ልጅ ደግሞ አንዱም ይበቃታል።