«የዘፈቀደ ናሙና» ወይስ «የዕጣ ናሙና»?

በጥናት ዘገባዎቻችን እንደ ዋዛ የሚታለፍ አንድ አባባል አለ፤ «የዘፈቀደ ናሙና» የሚለው። «ዘፈቀደ» በግዕዝ «የፈቀደ፣ የወደደ» ማለት ነው። በመቱ ከተማ «ዐሥር ቤቶች በዘፈቀደ ምረጥ» የተባለ ወጣት መረጃ ሰብሳቢ ከአስፋልቱ ዳር ያሉትንና ውሻ የሌለባቸውን ይዞ ቢመለስ ቃሉ ያዘዘውን ፈጽሟል። ትርጉሙ ግን ተገልብጧል፤ በናሙና አመራረጥ የማንም ፈቃድ ሊገባ አይገባም።

ጉድለቱ የሚጀምረው ከትምህርት ቤት ነው። የ7ኛ ክፍል ሒሳብ መረጃ መሰብሰብን፣ ሠንጠረዥንና አማካይን ያስተምራል፤ የ8ኛው የፕሮባብሊቲ መግቢያ አለው። ከጥቂቱ ተነሥቶ ስለ ብዙው መናገር ግን በሁለቱ መካከል ተገቢውን ቦታ አላገኘም። በኢሉባቦር ትምህርቱ በአፋን ኦሮሞ መሰጠቱ ልጆቹን ከአማርኛው ቃል ያድናቸው ይሆናል፤ ከሐሳቡ ክፍተት ግን አያድናቸውም። ተማሪው የቁጥሮቹን አማካይ ያወጣል፤ የተቆጠሩት እነማን እንደሆኑ ግን አይጠይቅም።

ይህ ጥያቄ ምን ያህል እንደሚከብድ ሙያችን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ከነፍሰ ጡሮች ክትትል ክሊኒኮች በመነሣት የአዋቂዎች የኤች አይ ቪ ስርጭት 3.5 በመቶ ተገመተ። በዚያው ዓመት ቤተሰቦችን በዕጣ የመረጠው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 1.4 በመቶ አገኘ። በወቅቱ በእርግዝና ጊዜ በጤና ባለሙያ የታዩት እናቶች 28 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ፤ ክሊኒኮቹም ወደ ከተማ ያደሉ ነበሩ። እርግጥ የቤት ለቤቱም ጥናት ያልተገኙና ለመመርመር ያልፈቀዱ ሰዎች ስላሉበት ፍጹም አልነበረም።

ልጆቹ ግን ለዚህ ትምህርት ባዕድ አይደሉም፤ ዕቁብ አይተዋል። የአንድ አባል ስም ሳይጻፍ ቢቀር ወይም አንዱ ወረቀት ተለይቶ ቢታጠፍ ጠብ እንደሚነሣ ያውቃሉ። ከዚህ የተሻለ መነሻ ከየት ይመጣል? ቀጥሎ የአካባቢው ቡና ይግባ። ከ1,000 ፍሬ 300ው በቀለም ይነከርና ከላይ ይደረግ። ተማሪው ሳያማታ ከላይ ቢዘግን ሁሉም ባለቀለም ነው፤ እፍኙን ቢያበዛም ስሕተቱ አይታረምም። ከዚያ በሚገባ ይማታ፤ እያንዳንዱ ልጅ ሳያይ 20 ፍሬ ያውጣ፣ ይቁጠር፣ ይመልስ። አንዱ 4፣ ሌላው 8 ያገኛል፤ ከ10 ሙከራ በ9ኙ ገደማ ውጤቱ ከ3 እስከ 9 ይሆናል። የሁሉም ቁጥር በሰሌዳ ላይ ሲደረደር በ6 ዙሪያ ይከማቻል። ናሙናው ወደ 80 ሲያድግ በመቶኛ የሚታየው መራራቅ በግማሽ ገደማ ይጠባል። መምህሩ «ስሕተት» የሚለውን ቃል እዚህ ላይ ባይጠቀም ይሻላል፤ 4 ያገኘው ልጅ ምንም አላጠፋምና።

ዕጣውም ቢሆን ሁሉንም አይፈታም። ጎሬ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ መቱ ከእርሷ ዝቅ ትላለች፣ ወደ ጋምቤላ ሲወረድ ደግሞ ቆላው ይመጣል። የጎሬን ቤቶች ብቻ በዕጣ መርጦ ስለ አካባቢው ወባ መናገር ከላይ እንደ መዝገን ነው። ደጋውና ቆላው ተለይተው ለየራሳቸው ዕጣ ሊወጣላቸው ይገባል። የጤና ጣቢያ ባለሙያ ክፍል ገብቶ የሚያግዘው እዚህ ላይ ነው፤ የሕሙማኑን ስም ሳይገልጥ የወሩን የወባ ድምር ይዞ ይግባ፤ ከየትኞቹ ቀበሌዎች አንድም ሰው እንዳልመጣ ልጆቹ ራሳቸው በካርታ ላይ ይፈልጉ።