የተፈረመ ሁሉ ተቋጭቷልን?

በእኛ በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ ባልና ሚስት ሲለያዩ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ንብረት ይቆጠራል፤ ወረቀት ይጻፋል፤ ዱዓ ተደርጎ ይበተናል። ከዚያ በኋላ ከሁለቱ አንዱ «ተበድያለሁ» ቢል የሚሰጠው መልስ አንድ ነው። «ፈርመሽ የለም ወይ? ያለቀ ነገር ምን ያስቆፍርሻል?» ይባላል። አባባሉ ለጆሮ እውነት ይመስላል። ሸሪዓም ሆነ የአገሩ ሕግ ግን እንዲህ በደፈናው አይናገሩም። በዚህ ነገር የራሴም እጅ ስላለበት ትችቱን ከራሴ ልጀምር።

ጽሕፈቴ ይነበባል ተብዬ አንድ የፍቺ ስምምነት እንድጽፍ ሽማግሌዎች ጠሩኝ። ሴትዮዋ ዓረብ አገር በሰው ቤት ለዓመታት እየሠራች ገንዘቧን በባሏ ስም ስትልክ የኖረች ናት። ባል ያለውን ቁጠር ሲባል ቤቱን፣ አንዲት ላምና የቤት ዕቃውን ጠቀሰ። ሽማግሌዎች አካፈሉ። እኔም «ንብረታችንን ተካፍለን ጨርሰናል፤ ከእንግዲህ አንዳችን ከሌላችን የምንጠይቀው የለም» ብዬ ጻፍኩ። መግሪብ እየደረሰ ስለ ነበር በጥድፊያ አነበብኩላት፤ ጣቷን ቀለም አስነክታ አተመች። ወረቀቱም በማግስቱ ለቃዲ ቀርቦ ጸደቀ።

ከወራት በኋላ፣ በላከችው ገንዘብ ደሴ ላይ ቦታ ተገዝቶ በባል ወንድም ስም መቀመጡን ሰማች። ወደ ቤቴ መጥታ፣ «ሼህ፣ ያን ለት ያነበቡልኝ ስላየሁት ንብረት መስሎኝ ነበር። ስላላየሁትም ኖሯል?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ሰፈሩ ግን መልስ አላጣም። «ሽማግሌ ረጋጭ» አላት፤ «ቃሏን ያጠፈች» አላት። ታዲያ ቃሉን ያጠፈው ማን ነው? ያለውን ሁሉ ቁጠር ተብሎ ግማሹን የደበቀው ነው ወይስ የተደበቀባት?

ወገኖቼ፣ በመጀመሪያ ሁለት ነገሮች ተለይተው ይታዩ። ጦላቁ አንድ ነገር ነው፤ የገንዘቡ ሒሳብ ሌላ ነው። ዒዳዋን የጨረሰች ሴት የተደበቀባትን ሐቅ ብትጠይቅ ፍቺው ይፍረስልኝ ማለቷ አይደለም። እኛ ሁለቱን እያደባለቅን «ትዳሩን ልትመልሽ ነው ወይ?» እያልን አንደበቷን እንዘጋለን።

ሱልህ ታላቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሙስሊሞች መካከል ሱልህ የተፈቀደ መሆኑን ሲያስተምሩ፣ ሐራሙን ሐላል ወይም ሐላሉን ሐራም የሚያደርገውን ለይተው አውጥተዋል። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስም፣ አንዱ ተከራካሪ በአንደበቱ በርትቶ የወንድሙ ሐቅ ቢፈረድለት የወሰደው የእሳት ቁራጭ መሆኑን አስጠንቅቀዋል። የነቢዩ ፍርድ እንኳ የሌላውን ሐቅ ለወሳጁ ሐላል ካላደረገ፣ በመግሪብ ጥድፊያ የተጻፈ የእኔ ወረቀት እንዴት ሐላል ያደርጋል?

«እሷው ወዳ ትታለታለች» የሚሉም አሉ። ወዳ የተወችው ሐላል ነው፤ ክርክር የለውም። የሳቢት ኢብኑ ቀይስ ባለቤት ኹልዕ በጠየቀች ጊዜ በመህር የተሰጣትን የአትክልት ቦታ መልሳለች። ነገር ግን በሱረቱ አን-ኒሳእ 19ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ሴቶችን አስጨንቆ የሰጧቸውን ማስለቀቅን ከልክሏል። መኖሩን የማታውቀውን ነገር ወዳ ተወችው ማለትስ ከየት የመጣ ነው?

ለእኛ ለዚህ አካባቢ ሰዎች ምሳሌው ከደጃችን ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ አምባሰል ውስጥ የውጫሌ ውል ተፈረመ። የ17ኛው አንቀጽ አማርኛ አንድ ነገር ይላል፤ ጣልያንኛው ሌላ። አማርኛው ንጉሡ ከውጭ መንግሥታት ጋር ለመጻጻፍ ቢሹ በጣልያን በኩል ማድረግ እንደሚችሉ ሲፈቅድ፣ ጣልያንኛው ግዴታ አድርጎታል። ምኒልክ «አንዴ ፈርሜያለሁ» ብለው አልተቀመጡም፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን መተዋቸውን አሳወቁ። ማንም ኢትዮጵያዊ በዚህ «ቃል አፈረሱ» ብሎ አይወቅሳቸውም። የተነበበላቸውና የተጻፈባቸው ስለተለያየ ነው። ለአገር የፈቀድነውን ለአንዲት ሴት ስለምን እንከለክላለን?

ሌላውን ወገን ደግሞ ዝም ብዬ አላልፍም። የተከፈለውን በልቶ ሲጨርስ የሚቆጨው አለ፤ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ያልቀናው ወደ መደበኛው የሚሮጥ፣ በመደበኛው ያልቀናውም ወደ ሸሪዓው የሚሮጥ አለ። ይህ ሐቅ ፍለጋ አይባልም። ክርክር ማብቂያ ከሌለው ልጆች በፍርድ ቤት ደጅ ያድጋሉ። በሕገ መንግሥቱ 34ኛ አንቀጽ መሠረት የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ የሚዳኘው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992ም በፈቃድ የተጀመረ ጉዳይ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዳይዛወር ያግዳል። ስለዚህ መመረጥ ያለበት ከመጀመሪያው ነው።

በቅሬታ የመጣም መንገዱን ይወቅ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለይግባኝ ከፍርዱ ጀምሮ 60 ቀን ይሰጣል። የዚሁ ሕግ 6ኛ አንቀጽ ደግሞ ይግባኝ ላላለ ሰው ሌላ ጠባብ በር ይከፍታል። ከፍርዱ በኋላ ሐሰተኛ ሰነድን፣ የሐሰት ምስክርነትን ወይም ጉቦን የመሰለ፣ ተግቶም ቢሆን ሊያውቀው ያልቻለው፣ ቢታወቅ ፍርዱን የሚለውጥ አዲስ ነገር ሲገኝ፣ ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት ማመልከት ይቻላል። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በእስልምና ሕግ ቢፈርዱም በሥነ ሥርዓቱ ይህንኑ ሕግ ይከተላሉ። ቁጭት ብቻውን በዚህ በር አያልፍም። «ያለቀ ነገር ነው» እያልን ሴትዮዋን ቤት ስናስቀምጣት ግን የሚያልፈው ያ አንድ ወር ነው። ምክራችን ራሱ ዙልም የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ከፊርማው በፊት መጠንቀቅ ነው። ሽማግሌዎች ሆይ! ንብረቱ በዝርዝር ይጻፍ፤ «ሁሉንም ተካፍለናል» በሚል አንድ ቃል አይሸፈን። የመሬቱ ደብተር ወጥቶ የማን ስም እንዳለበት ይታይ። ከዓረብ አገር የተላከ ገንዘብ ካለ ደረሰኙ ይቅረብ። የተጻፈው ከተነበበ በኋላ ሴትዮዋ በራሷ አንደበት መልሳ ትናገረው፤ አድራ፣ ከወንድሟ ወይም ከአባቷ ጋር ተማክራ ትፈርም። አንድ ሌሊት ማሳደር ስንት ዓመት ክርክር ያስቀራል!

እኔ በበኩሌ በሳምንቱ ከሴትዮዋ ጋር ሄጄ ምን እንደ ጻፍኩና እንዴት እንዳነበብኩ በቃዲው ፊት ተናግሬያለሁ። አቤቱታዋ ከሕጉ ጋር ይገጥማል አይገጥምም የሚለው የዳኛው ነውና ከዚህ በላይ አልልም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እስከ ዛሬ ሰላምታዬን በግማሽ አፉ ነው የሚመልስልኝ። አልቀየመውም፤ እኔም ያን ለት ከእሱ ጋር ነበርኩ።

ሐቅን ከማዳፈን አላህ ይጠብቀን። ወላሁ አዕለም።