ስንጥቁ ይታይ፦ የጃፓናውያን የውበት ፍልስፍና፣ የማሽን ፊልምና የካርቱም ምስል

በሰው ሠራሽ አስተውሎት ፊልም ስለ መሥራት በሚደረገው ክርክር ውስጥ ከጃፓን የመጡ ሦስት ቃላት ደጋግመው ይነሣሉ፤ «ማ»፣ «ዋቢ ሳቢ» እና «ኪንፁጊ»። የመጀመሪያው በነገሮች መካከል ያለውን ትርጉም ያለው ክፍተት፣ ሁለተኛው በጎደለው፣ ባረጀውና በሚያልፈው ነገር ውስጥ የሚታየውን ውበት፣ ሦስተኛው ደግሞ የተሰበረ የሸክላ ዕቃ በላከርና በወርቅ ዱቄት ተጠግኖ ስብራቱ ሳይደበቅ የሚኖርበትን ጥበብ ያመለክታሉ። እነዚህ ቃላት ለማሽን በሚሰጥ ትእዛዝ ውስጥ ሲገቡ ምን ይሆናሉ? ጥያቄው ለእኛ ቅንጦት አይደለም። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 ከተጀመረ ወዲህ የካርቱም ምስል ራሱ ተሰብሯል፤ ጠጋኝ ነኝ ብሎ የሚቀርበውም ይኸው ማሽን ነው።

«ማ»ን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሞከረ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። «ጉድለት» ቢለው ነቀፌታ ይሆናል፤ «ባዶ» ቢለው ከንቱነትን ይጠራል፤ «ዝምታ» ቢለው ለጆሮ ብቻ ይቀራል። የቃሉ ፊደል በበር መካከል የምትታይ ፀሐይን ያሳያል፤ ብርሃኗ የሚገባው በሩ ስላልተደፈነ ነው። ከሁሉ የሚቀርበው «ፋታ» የሚለው ቃላችን ይመስለኛል። ከአቦል እስከ ቶና፣ ከቶናም እስከ በረካ ባለው ጊዜ ጀበናው እሳት ላይ ነው፤ የቤቱ ጨዋታ የሚበስለው ግን በዚያ መካከል ነው። ፋታ ሰጪና ተቀባይ አለው፤ አንድ ሰው ለሌላው ካልሰጠው በቀር እንዲያው የባከነ ጊዜ ይሆናል።

የጃፓኑ ዳይሬክተር ያሱጂሮ ኦዙ ይህን ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 በሠራው «ባንሹን» በተባለው ፊልም፣ ለማግባት የተቃረበች ልጅ ከአባቷ ጋር በኪዮቶ አንድ ማረፊያ ቤት ውስጥ ተኝታለች። ፈገግ ብላለች። ካሜራው ትቷት በደብዛዛው ክፍል ወደ ቆመ የአበባ ማስቀመጫ ይሄዳል። ሲመለስ ፊቷ ወደ ልቅሶ ተቃርቧል። ለውጡ ሲፈጸም አላየንም፤ ማስቀመጫውን ስናይ በተሰጠን ፋታ ውስጥ ያለፈውን ነገር የምንሞላው እኛው ነን። ኦዙ ለተመልካቹ የሚያምነው ይህን ያህል ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2024 «ሶራ»፣ በ2025 ደግሞ ድምፅ ጭምር የሚፈጥረው «ቪዮ 3» ለሕዝብ ከተዋወቁ ወዲህ፣ አንድ መስመር ጽሑፍ ወደ ተንቀሳቃሽ ምስል መለወጥ ቀላል ሆኗል። እነዚህ ሥርዓቶች እጅግ ብዙ ምስል ተመልክተው፣ ከታዘዙት ቃል ጋር አብሮ ሊመጣ የሚችለውን ያወጣሉ። ሊሆን የሚችለውን ያውቃሉ፤ የሆነ ነገር ግን የላቸውም። «ዋቢ ሳቢ» ተብለው ሲታዘዙ የተሰነጠቀ ጽዋና የተላጠ ግድግዳ ቢያመጡም፣ ጽዋው ከማንም እጅ አልወደቀም፤ ግድግዳውንም ዝናብ አልመታውም። ባዶ ክፍልም ማሳየት ይችላሉ፤ ከክፍሉ ወጥቶ የሄደ ሰው ግን የለም።

እ.ኤ.አ. በ2016 የጃፓን ቴሌቪዥን ባሳየው ዘጋቢ ፊልም፣ ባለሙያዎች በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተንቀሳቀሰ አስፈሪ ፍጡር ለሃያኦ ሚያዛኪ ሲያቀርቡለት አዛውንቱ የአኒሜሽን ጌታ ያሰበው እጁን ለሰላምታ ማንሣት የሚያዳግተውን አካል ጉዳተኛ ወዳጁን ነበር። ይህን የሠራ ሰው ሕመም ምን እንደ ሆነ አያውቅም ሲል ሥራውን ለሕይወት የተሰነዘረ ስድብ አድርጎ ቆጠረው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ2025፣ በእርሱ ስቱዲዮ መልክ በማሽን የተሣሉ ምስሎች ዓለምን አጥለቀለቁ። መልኩ ተወሰደ፤ ተቃውሞው ቀረ። የጃፓኑን ፍልስፍና በትእዛዝ መልክ የሚጠቀም ሁሉ ይህን አጋጣሚ ሊያስብበት ይገባል።

ደግሞስ ፋታን ለመማር የግድ ቶኪዮ ድረስ መሄድ ያስፈልጋልን? ሱዳናዊው ኢብራሂም ሸዳድ እ.ኤ.አ. በ1981 በሠራው «ጀመል» በተሰኘ አጭር ፊልም፣ አንድ ግመል በጠባብ ክፍል ውስጥ የሰሊጥ መጭመቂያ ያዞራል። እንስሳው ይዞራል፤ እኛም እናያለን። ዳይሬክተሩ ስለ ድካም አንድም ስብከት ሳይሰብክ ድካሙ ወደ ተመልካቹ ይተላለፋል። ያ ግመል በርግጥ ዞሯል፤ የፊልሙ ኃይልም እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. ጥር 2025 በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የታየው «ካርቱም» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ደግሞ ከእኛ ጥያቄ ጋር ይበልጥ ይቀራረባል። አራት ሱዳናውያንና አንድ እንግሊዛዊ ዳይሬክተሮች የአምስት ነዋሪዎችን ሕይወት በመቅረጽ ላይ ሳሉ ጦርነቱ ደረሰ፤ ሁሉም ተሰደዱ። ሻይ ሻጯ እናት፣ ጠርሙስ ለቃሚዎቹ ሁለት ልጆች፣ የመንግሥት ሠራተኛውና የተቃውሞ ኮሚቴው ወጣት በስደት አገር በአረንጓዴ መጋረጃ ፊት ቆመው የደረሰባቸውን መልሰው ተወኑት። ከጀርባቸው ያለችው ከተማ ሰው ሠራሽ ናት፤ ፊልሙም አይደብቀውም። የሚያስታውሰው ሰውነት ግን የራሳቸው ነው። አምስት ሕይወት በአንድ ፊልም ስለ ተጣበበ አንዳንዱ ታሪክ ፋታ ያጥረዋል፤ ይህ የሥራው ደካማ ጎን ነው። ያም ሆኖ ስፌቱን ሳይሸሽግ ማሳየቱ ከኪንፁጊ መንፈስ ጋር ያዛምደዋል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ መከራከሪያ ይነሣል። የቤተሰብ አልበሙ የተቃጠለበት፣ የዴም ሰፈር ቤቱን ፎቶግራፍ እንኳ ይዞ ያልወጣ ሰው በማሽን ቢያስታውሰው ምን ነውር አለው? ብሔራዊ ሙዚየሙ በተዘረፈበት፣ የኦምዱርማን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጣቢያ እስከ መጋቢት 2024 የውጊያ ሜዳ ሆኖ በቆየበት አገር ለዚህ ሰው «ዝም በል» ማለት ጭካኔ ነው። ነገር ግን በዚሁ ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ2023፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ኦማር አል በሽር ድምፅ በማሽን ተመስሎ፣ አፈትልኮ የወጣ ቅጂ ነው እየተባለ በማኅበራዊ መገናኛ መሠራጨቱን እናስታውስ። ሐሰተኛው ምስል ሲበዛ የሚጎዳው የተታለለው ተመልካች ብቻ አይደለም፤ እውነተኛው የግፍ ማስረጃም «ይህም የማሽን ሥራ ነው» ተብሎ ሊካድ ይችላል። ገዳዩ ከዚህ የበለጠ ጠበቃ አያገኝም።

እንግዲህ መለኪያው ከኪንፁጊ ይገኛል። የተሰበረው ጽዋ ቁርጥራጮች የራሱ የጽዋው ናቸው፤ ወርቁ የሚገባው በስንጥቁ ላይ ብቻ ነው። ሁሉም ወርቅ ከሆነ ጥገና መሆኑ ይቀርና ሌላ ዕቃ ይሆናል። የሱዳን ሲኒማ አባት ከሚባሉት አንዱ የሆነው የጋዳላ ጉባራ ፊልሞች በርሊን በሚገኘው አርሴናል ተቋም ወደ ዲጂታል ተገልብጠዋል። እንዲህ ባለ ቅርስ ላይ ማሽኑ ጭረት ቢያጠራ፣ የደበዘዘ ድምፅ ቢያጎላ ጥሩ አገልጋይ ነው። የጠፋውን ትዕይንት ፈጥሮ ከዋናው ጋር ሳይለይ ቢሰፋው ግን ቅርሱን ለሁለተኛ ጊዜ ያጠፋዋል። በጎደለው ቦታ ጥቁር ምስል ቢቆም ይሻላል፤ ያም ፋታ ነው።

ስለ ካርቱም በማሽን ፊልም ለመሥራት የተነሡ ወጣቶችን ተስፋ ማስቆረጥ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ከእነርሱ የሚጠበቀው ጥቂት ነው፦ የትኛው ምስል ተቀርጾ፣ የትኛው ተፈጥሮ እንደ ተገኘ በዚያው በፊልሙ ውስጥ፣ በምስሉ ላይ ይናገሩ፤ ከመጨረሻው የስም ዝርዝር ጀርባ አይደብቁት። ከዚያም የሰፈሩን ሰው ድምፅ ከማሽኑ ምስል አስቀድመው ይቅረጹ፤ ሰውየው ሲያቋርጥና ሲያመነታ የተወውን ዝምታም ቆርጠው አይጣሉት።